የመናፈሻ ሐይቅ ዕድሜው የሚወሰነው በላይኛው ማሳ ነው

በ2012 ዓ.ም. መገባደጃ በአዲስ አበባ የተመረቀው ወዳጅነት ፓርክ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ሰው ሠራሽ ሐይቁ ነው። ሐይቁ በቴሌቪዥን መስኮት ከታየ ወዲህ የሌሎች ከተሞች ነዋሪዎችም «በእኛስ ከተማ ዳር ለምን አይኖርም?» ቢሉ አያስገርምም። ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ የሚያርፍበት፣ ልጆች የሚቦርቁበት፣ ወፎች የሚሰፍሩበት ውሃና ዛፍ ያለው ስፍራ ለማንኛውም ከተማ ሀብት ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ለምትገኘው ቡታጅራ ጉዳዩ ልዩ ትርጉም አለው። ከተማዋ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ፣ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። በምዕራብ በኩል የዘቢዳር ተራራ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ከእነዚህ ተራሮች የሚነሣው ውሃ በመቂ ወንዝ ተሰብስቦ ወደ ደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ ይፈስሳል። ስለዚህ ውሃ የሚያቁር መናፈሻ በከተማዋ ዳርቻ ቢታሰብ የላይኛውን ገበሬ፣ የከተማውን ነዋሪና የታችኛውን የመስኖ ተጠቃሚ በአንድ ገመድ ያስተሳስራል።

ይህ ጽሑፍ ሰው ሠራሽ ሐይቅ እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚሞት ያብራራል። በሀገራችን ያሉ ሐይቆች የሚያስተምሩት ዋና ቁም ነገር አንድ ነው፦ ሐይቅን መቆፈር የሥራው ቀላሉ ክፍል ሲሆን፣ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ከመናፈሻው አጥር ውጭ በማሳውና በፍሳሽ ቦዩ ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከሐረ ሸይጣን ጋር ያለው ልዩነት

ለቡታጅራ ነዋሪ ሐይቅ ሲባል በቅድሚያ ትዝ የሚለው ሐረ ሸይጣን ሳይሆን አይቀርም። ከከተማዋ በስተደቡብ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ የሚገኘው ይህ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው። እንዲህ ያለው ጉድጓድ የሚፈጠረው ከመሬት በታች የሚወጣው ቅልጥ ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ነው። ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሲፈነዳ ክብና ገደላማ ጉድጓድ ይተዋል። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ በታች ሲሆን ውሃው ከውስጥ ይመነጭና ሐይቅ ይሆናል።

በመሆኑም እንዲህ ዓይነቱ ሐይቅ ራሱን በራሱ ይመግባል። ትልቅ ወንዝ ስለማይገባበት ደለል በብዛት አይሞላውም። ግድግዳው ገደላማ፣ የውሃው ገጽም ከጥልቀቱ አንጻር ጠባብ ስለሆነ በትነት የሚያጣው ውሃ ከያዘው ውሃ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

በመናፈሻ ውስጥ የሚሠራ ሐይቅ በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ለጎብኚ ደኅንነትና ለግንባታ ወጪ ሲባል ጥልቀቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ገጹ ሰፊ ነው። ውሃው ከወንዝ፣ ከጎርፍ ወይም ከጉድጓድ ተስቦ ይገባል። ተፈጥሮ ለሐረ ሸይጣን በነጻ የምታደርገውን ሁሉ፣ ለዚህኛው ሰው በየዓመቱ ሊያደርግለት ግድ ይላል።

የገፈርሳ ትምህርት

በከተማ ዳርቻ ለሚሠራ ሐይቅ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ገፈርሳ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በ1930ዎቹ ለዋና ከተማዋ የመጠጥ ውሃ ለማቅረብ ተገድቦ የተሠራ ነው። ሲገነባ ከከተማ የራቀ ገጠር የነበረው ስፍራ ዛሬ ቤቶች ከበውታል።

ገፈርሳ ለመዝናኛ ባይሠራም ውሃና ሣር ባለበት አዕዋፍ መምጣታቸው አልቀረም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ብቻ የሚኖረው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ በሐይቁ ዳርቻ ይታያል። የወፍ ተመልካቾችም ስፍራውን ከሚያዘወትሯቸው ቦታዎች አንዱ አድርገውታል። ይህም ሰው የሠራው ውሃ ዳርቻው ከተጠበቀለት ከጊዜ በኋላ የተፈጥሮ ስፍራ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ሁለተኛው የገፈርሳ ትምህርት ግን ይበልጥ ተግባራዊ ነው። ከዋናው ግድብ በላይ ሌላ ግድብ ተሠርቷል። የዚህ የላይኛው ግድብ አንዱ ተግባር ጎርፍ ይዞት የሚመጣውን ደለል አስቀርቶ ዋናውን ሐይቅ መጠበቅ ነው። ማለትም ውሃው ወደ ዋናው ሐይቅ ከመድረሱ በፊት የሚያርፍበትና አፈሩን የሚጥልበት ስፍራ አለው። አነስተኛ የመናፈሻ ሐይቅም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሊቆይ አይችልም።

በበጋ የሚጠፋው ውሃ

በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ ከሐይቅ ገጽ ላይ በዓመት የሚተነው ውሃ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይደርሳል። ቡታጅራ ከፍታዋ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በመሆኑና አየሯ ቀዝቀዝ ስለሚል ትነቱ ከዝዋይ ዙሪያ ሊያንስ ይችላል። ይሁንና ችግሩ ክረምት ላይ አይታይም። የሚታየው ዝናብ በማይጥልባቸው ወራት ነው።

ነገሩን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሄክታር ስፋት ያለው ሐይቅ በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ውሃ በትነት ያጣል እንበል። ይህ በወር 12 ሴንቲ ሜትር ወይም 1 ሺህ 200 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢተካ በወር 120 ምልልስ ያስፈልጋል። አምስት የበጋ ወራት ሲታሰቡ ደግሞ ምልልሱ 600 ይደርሳል። የመጠጥ ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ከተማ ይህን ያህል ውሃ ከቧንቧ መቅዳት አይታሰብም።

ከትነት በተጨማሪ ስርገት አለ። የቡታጅራ አካባቢ መሬት ብዙው ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ነው። ቀይ አሸዋና ስንጥቅጥቅ ዐለት ባለበት ቦታ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ይህን አርሶ አደሩ ያውቀዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመላ ሀገሪቱ በየጓሮው የውሃ ማቆሪያ ገንዳዎች በዘመቻ ሲቆፈሩ፣ ብዙዎቹ ፕላስቲካቸው ተቀድዶ ወይም ወለላቸው ውሃ አልይዝ ብሎ ሳይውሉ ሳያድሩ ባዶ ቀርተዋል። ስለዚህ ሐይቅ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩ መመርመር አለበት። ሸክላማ አፈር ያለበትን ቦታ መምረጥ ወይም ወለሉን በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር መለበጥ ከጥገና ወጪ ያድናል።

የአንዲት ሚሊ ሜትር አፈር ዋጋ

ሐይቅን ከውሃ እጥረት ይልቅ በዝግታ የሚገድለው ደለል ነው። ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ባደረጉት ጥናት ከታረሰ መሬት ላይ በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህም ከማሳው ገጽ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አፈር ማለት ነው። በእርግጥ የታጠበው አፈር ሁሉ ወንዝ ላይ አይደርስም፤ ብዙው በማሳ ግርጌና በሜዳ ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ከአማካዩ እጅግ አነስ አድርገን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ሐይቁ ይደርሳል ብለን እናስላ። ከአንድ ሄክታር ማሳ ላይ የሚነሣ የአንድ ሚሊ ሜትር አፈር መጠኑ 10 ሜትር ኪዩብ ነው። ሐይቁ 100 ሄክታር ከሚሆን ተፋሰስ ጎርፍ የሚቀበል ከሆነ በዓመት 1 ሺህ ሜትር ኪዩብ አፈር ይገባበታል። 16 ሜትር ኪዩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢታሰብ ከ60 በላይ መኪና ሙሉ አፈር ማለት ነው።

ይህ አፈር በአንድ ሄክታር ሐይቅ ወለል ላይ ሲነጠፍ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። የሐይቁ ጥልቀት ሁለት ሜትር ከሆነ በ20 ዓመት ውስጥ ሜዳ ይሆናል። ውሃው ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚደፈርስና ዳርቻው ረግረግ ስለሚሆን መናፈሻነቱ የሚያከትመው ግን 20 ዓመት ሳይሞላው ነው።

አርሶ አደሩ በዓመት የምትሄደውን አንዲት ሚሊ ሜትር በዓይኑ አያያትም። ከሐይቁ ግን አትሰወርም። በአዋሽ ወንዝ ላይ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ሰፊ ሆኖ ሳለ የመያዝ አቅሙ ጉልህ ክፍል በደለል ተወስዶበታል። ለቆቃ ያልቀለለ ጎርፍ ለአንድ ሄክታር የመናፈሻ ሐይቅ አይራራም።

መፍትሔው ከአጥሩ ውጭ ይጀምራል። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ የሚሠራው እርከን፣ በተዳፋት ላይ የሚተከለው ሣር፣ ከእንስሳት ንክኪ የሚከለለው ገላጣ መሬት ሁሉ የሐይቁ ግንባታ አካል ነው። በጉራጌ ጓሮ የሚገኘው እንሰትም ሳይነገርለት ብዙ ይሠራል። ሰፊ ቅጠሉ የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ እንደ አዝመራ ሰብል በየዓመቱ ታጭዶ መሬቱን ባዶ ስለማይተወውም አፈሩ ዓመቱን ሙሉ እንደተሸፈነ ይኖራል።

በሐይቁ መግቢያ ላይ ደግሞ እንደ ገፈርሳ ሁሉ ደለል ማስቀሪያ ገንዳ ሊዘጋጅ ይገባል። ገንዳው በየበጋው ሲጠረግ የሚወጣው አፈር ለም በመሆኑ ለችግኝ ጣቢያ ወይም ወደ መጣበት ማሳ ሊመለስ ይችላል።

የውሃው ጥራት

ከደለሉ ጋር የሚመጣ ሌላም ነገር አለ። ከማሳ ታጥቦ የሚወርድ ማዳበሪያና ከከተማ ቦይ የሚገባ የመጸዳጃና የወጥ ቤት ፍሳሽ ሐይቁን ከመጠን በላይ ይመግበዋል። ሰብልን የሚያበቅለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በውሃ ውስጥ አልጌን ያበቅላል። የበዛው አልጌ ሲሞትና ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣ ይሞታል፤ ሽታ ይከተላል። በቆቃ ሐይቅ እንደታየው አንዳንድ የአልጌ ዓይነቶች ለሰውና ለከብት መርዛማ ናቸው።

እምቦጭም የሚወደው እንዲህ ያለውን በንጥረ ነገር የበለጸገ ውሃ ነው። አረሙ በሀገራችን መኖሩ የተመዘገበው በ1950ዎቹ መጨረሻ በቆቃና በአዋሽ ነበር። ዘግይቶም ጣናን አጥቅቷል። ለውበት ተብሎ በአንድ የመናፈሻ ኩሬ ላይ የሚጣል ሐምራዊ አበባ በጎርፍ ተወስዶ ወደ መቂና ወደ ደንበል ሊወርድ ስለሚችል፣ የሚተከለው የውሃ ዕፅ በባለሙያ መለየት አለበት።

ወንዝን ጠልፎ ወደ ሐይቅ ማስገባትም ያልታሰበ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ቢሾፍቱ ምስክር ናት። በአካባቢዋ ከሚገኙት ሐይቆች መካከል ኩሪፍቱ በወንዝ ጠለፋ የተሞላ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲሆን ዛሬ የመዝናኛ ማዕከል ሆኗል። የኪሎሌ ታሪክ ግን ይለያል። ኪሎሌ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሐይቅ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለመስኖ ሲባል የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገባበት። ጨዋማና አረንጓዴ የነበረው ውሃው ቀጠነ፤ ስፓይሩሊና የተባለውና በጨዋማ ውሃ የሚበቅለው ደቂቅ ዕፅም ከሐይቁ ጠፋ። ከዚህ የሚገኘው ምክር ግልጽ ነው። አዲስ የመናፈሻ ውሃ ሲታሰብ ነባሩን የተፈጥሮ ሐይቅ ለመሙያነት ወይም ለማስፋፊያነት መንካት አይገባም። እንደ ሐረ ሸይጣን ያለ ሐይቅ አንዴ ከተለወጠ ወደ ነበረበት የሚመልሰው ሥራ እጅግ ከባድ ነው።

የወባ ስጋት

የቡታጅራ አካባቢ ከስምጥ ሸለቆው ቆላ እስከ ደጋው ይዘልቃል። የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም በመባል የሚታወቀውና ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሕዝቡን ጤና ሲከታተል የኖረው የጥናት ማዕከል የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው። በአካባቢው የተካሄዱ ጥናቶች ወባ ከ2 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ባሉ ቀበሌዎችም እንደሚገኝ አሳይተዋል። ስለዚህ «ደጋ ነው፤ ወባ የለም» ብሎ ውሃ ማቆር አያዋጣም።

የወባ ትንኝ ጥልቅና የሚንቀሳቀስ ውሃን አትመርጥም። እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ጥልቀት በሌለውና በረጋ ውሃ ላይ ነው። የከብት ኮቴ ያጠራቀመው ውሃ ሳይቀር ይበቃታል። በመሆኑም አደጋው ያለው ከሐይቁ መካከል ይልቅ በዳርቻው ላይ ነው። ዳርቻው ተስተካክሎ ቢሠራ፣ ከብት የሚጠጣበት ቦታ በድንጋይ ተነጥፎ ቢለይ፣ እጭ የሚበላ እንደ ቆሮሶ ያለ ዓሣ ቢለቀቅና ውሃው ሲጎድል የሚቀሩት ኩሬዎች ወዲያው ቢደፈኑ ስጋቱ ይቀንሳል። ጥልቁ ክፍል ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ አጥርና ጠባቂ ያስፈልገዋል።

የዛፍና የሣር ድርሻ

መናፈሻን የተፈጥሮ ስፍራ የሚያደርገው በውሃው ዙሪያ ያለው ዕፅዋት ነው። ጎርፍ በሚገባበት በኩል ቄጠማና ደንገል ቢበቅል ውሃውን ያዘገያል፤ አፈሩን ይይዛል፤ ከማዳበሪያው የተረፈውን ንጥረ ነገር ለራሱ ይጠቀምበታል። ወፍ የሚጎጆውም እዚያው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሰፊ የሣር ቀበቶ፣ ከዚያም ወይራ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ሾላን የመሳሰሉ ሀገር በቀል ዛፎች ቢከተሉ ስፍራው ጥላም መጠለያም ያገኛል።

ባሕር ዛፍ ለጉራጌ ገበሬ የቤት ምሰሶና የገቢ ምንጭ ነው። ነገር ግን ውሃ አብዝቶ ስለሚጠቀምና ከሥሩ ሌላ ዕፅ በቀላሉ ስለማያበቅል ቦታው የሐይቅ ዳር አይደለም።

በማን መሬት፣ በማን ጠባቂነት?

በከተማ ዳርቻ ያለ መሬት ባዶ መስሎ ቢታይም የሰው መተዳደሪያ ነው። ማሳ፣ የግጦሽ መሬት ወይም የእንሰት ጓሮ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ባለይዞታው አስቀድሞ ሊነገረውና ካሳ ሊከፈለው ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም ከቁፋሮው በፊት የሚሠራ እንጂ ችግር ከተፈጠረ በኋላ የሚታወስ አይደለም።

ከአዋጁ ባሻገር አካባቢው የራሱ ልምድ አለው። በጉራጌ መንደሮች መካከል የሚዘረጋው ሰፊው ባለ ሣር ጎዳና፣ ጀፎረ፣ የጋራ ስፍራ ነው። ሠርግና ለቅሶ ይስተናገድበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ከብት ይነዳበታል። ሆኖም ማንም ሰው አጥሩን ገፍቶ አይወስደውም፤ አያርሰውም። ጀፎረን በትውልድ ቅብብሎሽ ያቆየው ሁሉም ሰው የእኔ ነው ብሎ መጠበቁና ድንበሩን የሚገፋ ሰው በባህላዊ ሥርዓት መጠየቁ ነው። የመናፈሻ ሐይቅም ይህን የመሰለ ባለቤትነት ካላገኘ ከምረቃው ማግሥት ጀምሮ የቆሻሻ መጣያ መሆኑ አይቀርም።

ከመቆፈሩ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በማንኛውም ከተማ ዳር ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲታቀድ ነዋሪውና አርሶ አደሩ የሚከተሉትን ለመጠየቅ መብትም ምክንያትም አላቸው፦

• ውሃው በክረምት ከየት ይገባል? በበጋ የሚተነውንስ ምን ይተካዋል? የታችኛው ተጠቃሚ ድርሻ አይነካም ወይ?

• መሬቱ ውሃ ይይዛል ወይ? አፈሩ ተመርምሯል?

• የላይኛው ተፋሰስ ስንት ሄክታር ነው? ከዚያ ውስጥ እርከን የተሠራለትስ ምን ያህሉ ነው?

• ደለል ማስቀሪያ ገንዳ አለው? በየበጋው የሚጠርገው ማን ነው? በጀቱስ?

• የከተማው ፍሳሽ ቦይ ወደ ሐይቁ ይገባል ወይስ ተለይቷል?

• የወባ መከላከሉን ሥራ ከጤና ጽሕፈት ቤት ጋር የሚከታተለው ማን ነው?

• መሬታቸውን የሚለቁ አርሶ አደሮች ካሳቸውን አግኝተዋል? በመናፈሻው ሥራና ገቢ ላይስ ድርሻ አላቸው?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ችላ ሲባል ምን እንደሚከተል የሐሮማያ ሐይቅ አሳይቷል። ለሐረር የመጠጥ ውሃ፣ ለገበሬው መስኖ ሲሰጥ የኖረው ይህ የተፈጥሮ ሐይቅ በ1990ዎቹ ከመጠን ባለፈ የውሃ መሳብ፣ በደለልና በትነት ደርቆ ወለሉ የከብት መሰማሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በኋላ ውሃው ወደ ሐይቁ መመለሱ ደግሞ ሌላውን ወገን ያስተምራል፤ ተፋሰሱ ሲያገግምና ዝናቡ ሲበጅ የሞተ የመሰለ ሐይቅም ሊነሣ ይችላል።

የቡታጅራ ነዋሪ በከተማው ዳር የውሃ ዳር መናፈሻ ቢመኝ ምኞቱ ከአቅሙ በላይ አይደለም። ሥራው ግን ከጉድጓዱ አይጀምርም። ከዘቢዳር ሥር ባለው ማሳ ላይ በሚሠራው እርከን፣ በከተማው ውስጥ በሚጸዳው ቦይና ለባለ መሬቱ በሚከፈለው ካሳ ይጀምራል። እነዚህ ከቀደሙ ሐይቁ ዘግይቶም ቢሠራ ይቆያል። ከዘገዩ ግን የሚቀረው ለምረቃው ቀን የተነሣው ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል።